የስፖንሰር ወረቀት ለትዳር ጓደኛዎ ኢንተርቪው፦ ከታክስ ወቅት እስከ ኤምባሲው መስኮት

አሜሪካ ሆነው ባለቤትዎን ከኢትዮጵያ ለማምጣት ፋይል ከከፈቱ፣ ሐሳብዎን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የሠርጉ ፎቶ፣ የዋትስአፕ መልእክቱ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ቁራጭ ነው። ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ማሳየት ግዴታ ስለሆነ በዚህ ልክ ነዎት። ግን ትዳራቸው አንዳች ጥርጣሬ የማያስነሳ ሰዎች በገንዘብ ወረቀት ብቻ ለወራት ሲጉላሉ አይቻለሁ። የሚገርመው፣ ብዙዎቹ ገንዘብ የቸገራቸው አልነበሩም። ሥራ አላቸው፣ ቤት ኪራይ ይከፍላሉ፣ አገር ቤትም በየወሩ ይልካሉ። ወረቀታቸው ግን ይህን አይናገርም፤ ኤምባሲው ደግሞ የሚያምነው ወረቀቱን ነው። ስለዚህ ቀጠሮ እስኪመጣ መጠበቅ የለብዎትም፤ ሥራው የሚጀምረው ከቀጠሮው በፊት ባለው የታክስ ወቅት ነው።

የምናወራው አይ-864 ስለሚባለው የስፖንሰር ቅጽ ነው። ለዲቪ ዕድለኛ ዘመድ ከሚሞላው አይ-134 ጋር አያምታቱት። ያኛው ቀለል ያለ፣ ቆንስሉ ካልጠየቀም ላያስፈልግ የሚችል ወረቀት ነው። አይ-864 ግን በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ውል ነው። «ለአክስቴ ልጅ ሞልቼ ስለነበር አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ሲመክርዎት፣ መጀመሪያ የትኛውን እንደሞላ ይጠይቁት። ከዚህ በታች የሚያገኟቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቤተሰብዎን ይቁጠሩ

ሰው ሁሉ «ስንት ብር ያስፈልጋል?» ብሎ ይጀምራል። መልሱ ግን የቤተሰብዎ ቁጥር ሳይታወቅ አይገኝም። የሚፈለገው ገቢ የፌዴራሉ የድህነት ወለል 125 በመቶ ነው። በ2025 ሠንጠረዥ ለሁለት ሰው 26,437 ዶላር፣ ለሦስት 33,312፣ ለአራት 40,187 ነበር፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሰው 6,875 ገደማ ይጨመር ነበር። አላስካና ሃዋይ ከፍ ያለ የራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው። በመደበኛ የውትድርና አገልግሎት ላይ ሆኖ ለትዳር ጓደኛው የሚያመለክት ሰው 100 በመቶው ይበቃዋል። ሠንጠረዡ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አይ-864ፒ በሚል ስም ይገኛል። ገቢዎ ጠርዝ ላይ ከሆነ አዲሱ ሠንጠረዥ ሲወጣም የሚያልፍ ቁጥር ይዘው ይገኙ።

ቁጥሩ ውስጥ የሚገቡት እርስዎ፣ የሚመጣው የትዳር ጓደኛ፣ ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችዎ፣ ታክስ ላይ ጥገኛ አድርገው የሚያስመዘግቧቸው ሰዎች፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት በአይ-864 የፈረሙላቸውና ግዴታዎ ያላበቃላቸው ሰዎች ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱም በሁለት በኩል ነው።

አንደኛው ማብዛት ነው። ቅጹ ክፍል 5 ላይ መጀመሪያ «በዚህ ቅጽ የሚመጡ ሰዎች» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤትዎን 1 ብለው ይጽፋሉ። ወረድ ብሎ «ባለትዳር ከሆኑ 1 ይጻፉ» ይላል፤ እንደገና 1 ይጽፋሉ። አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ተቆጥራ፣ ለሁለት ሰው የነበረው ሒሳብ ለሦስት ሆነና ሰባት ሺህ ዶላር የሚጠጋ ጉድለት ከባዶ ተፈጠረ። ቅጹ ራሱ አንድን ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይቆጥሩ ያስጠነቅቃል፤ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ።

ሁለተኛው መርሳት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናትዎን አምጥተው ነበር እንበል። እናትዎ ብርዱን አልቻልኩም፣ ጎረቤትም ናፈቀኝ ብለው ተመልሰዋል። ተመልሰዋልና አይቆጠሩም ብለው ያስባሉ። እናትዎ ግሪን ካርዱን በይፋ ካልመለሱ ወይም ነዋሪነታቸው በሌላ መንገድ ካልተቋረጠ ግን ፊርማዎ ይሠራል፤ ስለዚህ ይቆጠራሉ። እናትዎ ነዋሪነታቸውን በፈቃዳቸው መተው ከፈለጉ አይ-407 የሚባል ቅጽ አለ። ዜግነት አግኝተው ከሆነ ግን ግዴታዎ አብቅቷልና ከቁጥር ያወጧቸዋል።

ቀጥሎ ታክሱ

ከሰነዶቹ ሁሉ ዋናው የመጨረሻው ዓመት የታክስ ሰነድ ነው። ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ በነፃ የሚወርደውን ትራንስክሪፕት ያቅርቡ። በምትኩ ያስገቡትን የታክስ ቅጽ፣ 1040ውን፣ ካቀረቡ ደብሊው-2 እና 1099 ማያያዝ አለብዎት፤ ትራንስክሪፕት ግን ብቻውን ይበቃል፣ መስሪያ ቤቱ ራሱ ያወጣው ስለሆነም ጥያቄ አያስነሳም። የሚገደደው የአንድ ዓመት ነው። ያለፉት ሦስት ዓመታት ገቢዎ እያደገ የመጣ ከሆነ ግን ሦስቱንም ቢያያይዙ ይጠቅምዎታል።

ደመወዝተኛ ከሆኑ ይህ ክፍል ቀላል ነው። ባለፈው ዓመት ትምህርት ላይ ነበሩና ታክስዎ ዝቅ ያለ ከሆነም አይደንግጡ፤ ሚዛን የሚደፋው አሁን ያለዎት ገቢ ነው። ከአሠሪዎ ድርጅት የሥራ መደብዎን፣ ደመወዝዎንና የተቀጠሩበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ከእሱም ጋር የቅርብ ስድስት ወር የደመወዝ ቼክ ቁራጭ ያያይዙ።

የሚከብደው የራሳቸው ሥራ ላላቸው፣ በተለይም ለኡበርና ለሊፍት ሹፌሮች ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የብዙ ወገን ኑሮ በዚህ ሥራ ላይ የቆመ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። አንድ ሹፌር በ2024 ዓመቱን ሙሉ ነድቶ 58,000 ዶላር ገባለት እንበል። 45,000 ማይል ነድቷል። ለዚያ ዓመት የሚፈቀደው ተቀናሽ በማይል 67 ሳንቲም ስለነበረ 30,150 ዶላር ከገቢው ይወርዳል። የድርጅቱ ኮሚሽን፣ ስልኩ፣ የመንገድ ክፍያው ተደምሮ ሌላ 7,000 ቢወርድ፣ የሚቀረው 20,850 ነው። ታክሱ ዝቅ ስላለለት ሹፌሩ ደስ ብሎታል፤ ታክስ የሠራለትንም ሰው አመስግኗል። ቆንስሉ የሚያነበው ግን ይህንኑ 20,850 ነው፤ በ2025 ሠንጠረዥ ለሁለት ሰው የሚፈለገውን 26,437 አይሞላም። «ኪሴ የገባው እኮ 58 ሺህ ነው» ማለት አያዋጣም፤ የራሱ ታክስ ወረቀት ይመሰክርበታል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ወጪን ደብቆ ቁጥር ማሳበጥ ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ አልመክርም። የሚሻለው ከወዲሁ ማቀድ ነው። ፋይል በተከፈተበት ዓመት በሳምንት ጥቂት ቀን ፓርኪንግ ወይም ኤርፖርት ደብሊው-2 የሚሰጥ ሥራ የያዙ ሰዎች ችግሩን ያለ ማንም እርዳታ ሲወጡት አይቻለሁ። ያ ካልሆነ ጆይንት ስፖንሰር፣ ማለትም ከእርስዎ ጋር ተጨማሪ አይ-864 የሚፈርም ሰው፣ መፈለግ ዛሬ መጀመር አለበት። በካሽ እየተከፈለዎት ታክስ ያላስገቡበት ሥራ ካለ፣ ለዚህ ጉዳይ የሌለ ያህል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካገቡበት ዓመት ጀምሮ ታክስ ላይ «ሲንግል» ብለው ማስገባት አይችሉም። ባለቤትዎ አዲስ አበባ ብትሆንም ባለትዳር ነዎት። አብዛኛው ሰው «ባለትዳር፣ ለየብቻ» በሚለው ያስገባል። ልጅ ወይም ሌላ ብቁ ጥገኛ አብሮዎት የሚኖር ከሆነ «የቤተሰብ ኃላፊ» የሚለው ሊፈቀድ ይችላል፤ ይህን ከባለሙያ ጋር ይነጋገሩበት። አንዳንድ ታክስ ሠሪ ባለቤትዎ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ስለሌላት ብቻ «ሲንግል» ላይ ምልክት አድርጎ ይልካል። ከዚያ ኤምባሲው ፊት አንዱ ወረቀት አግብቻለሁ ይላል፣ ሌላው አላገባሁም ይላል። ይህ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የትዳሩ እውነተኛነት ጥያቄ ይሆናል። በ1040-ኤክስ ማስተካከል ይቻላል፤ ከኢንተርቪው በፊት ይጨርሱት።

ፉድ ስታምፕ፣ ሜዲኬይድ፣ ኤስ ኤስ አይና የመሳሰሉት እርዳታዎች ገቢ ተብለው አይደመሩም። ጡረታና የሥራ አጥ ክፍያ ግን ይደመራሉ።

ገቢዎ ካልሞላ

ገቢ የሚያንሰው ሰው ሦስት መንገድ አለው።

የመጀመሪያው አብሮዎት የሚኖር ዘመድ ነው። ወንድምዎ፣ እህትዎ፣ አባት ወይም እናትዎ፣ ወይም ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅዎ በአንድ አድራሻ አብሮዎት የሚኖር ከሆነ፣ አይ-864ኤ የሚለውን ቅጽ ፈርሞ ገቢው ከእርስዎ ጋር ይደመራል። የሚኖረው አብሮዎት መሆኑን የሚያሳይ የኪራይ ውል፣ መንጃ ፈቃድ ወይም የመብራት ደረሰኝ ያስፈልጋል። አፓርትመንት የሚጋራዎት ጓደኛ ግን፣ የቱንም ያህል ወንድም ቢሆንልዎት፣ እዚህ ውስጥ አይገባም። የባለቤትዎ የአዲስ አበባ ደመወዝም አይቆጠርም፤ ስትመጣ ሥራውን ትታ ነዋ የምትመጣው።

ሁለተኛው ጆይንት ስፖንሰር ነው። ዘመድ መሆን አይጠበቅበትም። ዕድሜው 18 የሞላ፣ አሜሪካዊ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ ኑሮውም አሜሪካ የሆነ ሰው ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው «የሁለታችንን ገቢ እንደምራለን» የሚለው አስተሳሰብ ነው፤ አይደመርም። ጆይንት ስፖንሰሩ የራሱን ቤተሰብ ቆጥሮ፣ ባለቤትዎን ጨምሮበት፣ 125 በመቶውን ለብቻው መሙላት አለበት። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት አጎትዎ ከባለቤትዎ ጋር ስድስት ይሆናሉ፤ በ2025 ሒሳብ 54 ሺህ ዶላር ገደማ ይፈለግበታል። ብቻውን የሚኖር፣ ደመወዙ 35 ሺህ የሆነ የእቁብ ጓደኛዎ ከአጎትዎ የተሻለ ስፖንሰር ሊሆን ይችላል። «ትልቅ ሰው ይፈርምልኝ» ከማለት በፊት ሒሳቡን ይሥሩ።

ጆይንት ስፖንሰር አገኘሁ ብለው የእርስዎን አይ-864 አይተዉት። ገቢዎ ዜሮ ቢሆንም እርስዎ መሙላትና መፈረም ግዴታዎ ነው። ሁለት የተሟላ ፋይል ይቀርባል ማለት ነው፤ ከእሱ ቅጽ ጋር ትራንስክሪፕቱ፣ የገቢ ማስረጃውና የፓስፖርቱ ወይም የግሪን ካርዱ ኮፒ ይያያዛል።

ሦስተኛው ንብረት ነው። እርስዎ ሲቲዝን ከሆኑ የንብረቱ ዋጋ የጎደለውን ሦስት እጥፍ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ካለዎት አምስት እጥፍ መሆን አለበት። 6,000 ዶላር ቢጎድልዎት፣ ለሲቲዝን 18,000፣ ለግሪን ካርድ ባለቤት 30,000 ማለት ነው። ንብረቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችል መሆን አለበት። ቤት ከሆነ ዕዳው ተቀንሶ የሚቀረው ነው የሚታየው። መኪና የሚቆጠረው ከአንድ በላይ ካለዎት ብቻ ነው። የባንክ ሒሳብ የሚሻል ቢሆንም የ12 ወር እንቅስቃሴውን ማሳየት ይጠበቅብዎታል። ኢንተርቪው ሊደርስ ሲል የእቁብ ዕጣ ወጥቶልዎት በአንድ ጊዜ 20,000 ዶላር ቢገባ፣ ቆንስሉ የተበደሩት ወይም ለማሳያ የተቀመጠ ገንዘብ ሊመስለው ይችላል። ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ አብረው ያስቀምጡ።

አዲስ አበባ ያለ ቤትስ? በመርህ ደረጃ ሊቀርብ ይችላል፤ ግምቱ፣ ካርታው፣ ትርጉሙ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተሽጦ ገንዘቡ ከአገር ሊወጣ እንደሚችል ማሳየት አለብዎት። የአገራችንን የውጭ ምንዛሪ ነገር የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ አይጠፋውም። በእሱ ላይ ተስፋ ጥሎ ጆይንት ስፖንሰር አለመፈለግ በእኔ ግምት ጊዜ ማባከን ነው።

እርስዎ ራስዎ አሁን የሚኖሩት ኢትዮጵያ ከሆነ ደግሞ ከገንዘቡ በተጨማሪ የመኖሪያ ጥያቄ ይነሳል። ስፖንሰር ኑሮው አሜሪካ መሆን አለበት፤ ካልሆነም ከባለቤትዎ ጋር ወይም ከእሷ ቀድመው ተመልሰው እንደሚኖሩ በሥራ ቅጥር፣ በቤት ኪራይ፣ በልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ ያሳያሉ። ሲቲዝን ነኝና ይበቃል ብለው እንዳይዘናጉ።

ቅጹን መሙላትና መላክ

አይ-130 የሚባለው የመጀመሪያ ማመልከቻዎ ከጸደቀ በኋላ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል፣ ሰዉ ኤን ቪ ሲ ወደሚለው፣ ይሄዳል። እዚያ ሁለት ክፍያ አለ፦ ለቪዛው ማመልከቻ 325 ዶላር፣ ለስፖንሰር ወረቀቱ ምርመራ 120 ዶላር። የሚከፈለው ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ በኢንተርኔት ነው። ቅጹ ራሱ በነፃ ይወርዳል፤ «ፎርሙን ገዝቼ ላምጣልህ» የሚልዎት ካለ ይሽሹት።

ከሞሉ በኋላ አትመው በእጅዎ ይፈርሙ፣ ቀን ይጻፉ፣ ሁሉንም ገጽ ስካን አድርገው ይጫኑ። ኖተሪ አያስፈልግም። ባዶ ገጽ ነው ተብሎ የሚዘለል ገጽ የለም፤ አንድ ገጽ ከጎደለ ይመልሱታል። ስምዎ በታክሱ፣ በፓስፖርቱና በጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት ሆሄያት መያዙን ያረጋግጡ፤ የአያት ስም አንዱ ላይ ገብቶ አንዱ ላይ የቀረበት ፋይል ስንቱን አስመልሷል።

ኤን ቪ ሲ «ሰነድዎ ተሟልቷል» ሲልዎት ብዙ ሰው አለቀ ብሎ እጁን ይሰበስባል። ማዕከሉ ወረቀቱ መኖሩን ነው ያየው፤ ይበቃል አይበቃም የሚለውን የሚወስነው አዲስ አበባ ያለው ቆንስል ነው። ከዚህ መልእክት እስከ ቀጠሮው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በመሃል ሥራ ይቀየራል፣ አዲስ የታክስ ዓመት ይገባል፣ ልጅ ይወለዳል። ሚያዝያ አልፎ ከሆነ አዲሱን ትራንስክሪፕት፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ቁራጭና አዲስ የአሠሪ ደብዳቤ አዘጋጅተው ለባለቤትዎ ይላኩ። ጆይንት ስፖንሰሩም እንዲሁ። የቪዛ አሰጣጥ መመሪያም በየአስተዳደሩ ይለዋወጣልና፣ ቲኬት ከመግዛት ወይም ሥራ ከመልቀቅ በፊት የኤምባሲው ገጽ አሁን ምን እንደሚል ይመልከቱ።

በኢንተርቪው ቀን

መስኮቱ ላይ የምትቀርበው ባለቤትዎ ናት እንጂ እርስዎ አይደሉም። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ስንት ቤት አስለቅሷል። ባል የሞላውን ቅጽ ሚስት አይታው አታውቅም። «ባልሽ ምን ይሠራል?» ትባላለች፤ «ሹፌር ነው» ትላለች፣ ቅጹ ላይ ግን ካለፈው ወር ጀምሮ የሆስፒታል ሠራተኛ ነው። «ይህ ስፖንሰር ምንሽ ነው? ለምን ይፈርምልሻል?» ስትባል ስሙን እንኳን አልሰማችም። ውሸት የለበትም፤ ተነጋግረው ስላልጨረሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት በቪዲዮ ተቀምጣችሁ ቅጹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራችሁ አንብቡ። ሥራዎ፣ ዓመታዊ ገቢዎ፣ አብሮዎት የሚኖረው ሰው፣ ከቀድሞ ትዳር ያሉ ልጆች፣ ጆይንት ስፖንሰሩ ማን እንደሆነና እንዴት እንደተዋወቃችሁ ታውቅ። ወረቀቱን ደግሞ በቅደም ተከተል አስይዟት፦ ላይ የእርስዎ አይ-864፣ ቀጥሎ ትራንስክሪፕት፣ ቀጥሎ የገቢ ማስረጃ፤ የጆይንት ስፖንሰሩ በሌላ ክላሰር፣ በዚሁ ተራ። የጠየቋትን ብቻ ታውጣ።

ነገሩ ካልተሟላ 221 ጂ የሚል ወረቀት ይሰጣታል። ይህ የመጨረሻ እምቢታ ተደርጎ እንዳይታይ፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ተጽፎበታልና ያንኑ ያሟሉ። አዲስ ጆይንት ስፖንሰር የተጠየቀ ከሆነ የድሮውን ሰው ቅጽ በደብዳቤ ለማስረዳት ከመሞከር ሌላ ሰው ማቅረቡ ይፈጥናል። በአንድ ዓመት ውስጥ ምንም ካላቀረቡ ግን ማመልከቻው ይዘጋል፤ ክፍያውም እንደ አዲስ ይጀምራል።

ከመፈረም በፊት ይህን ይወቁ

ግዴታው የሚያበቃው የመጣችው ባለቤትዎ ዜግነት ስታገኝ፣ 40 ሩብ ዓመት የሥራ ዘመን ሲቆጠርላት፣ ነዋሪነቷን ትታ ከአገር ስትወጣ፣ ወይም ከሁለታችሁ አንዳችሁ ስትሞቱ ነው። ፍቺ አያስቀረውም። ትዳሩ ቢፈርስም ውሉ ይቀጥላል፤ በውሉ የተደገፈ ሰው ስፖንሰሩን ፍርድ ቤት ማቆም ይችላል፣ አንዳንድ የመንግሥት እርዳታ የሰጠ መሥሪያ ቤትም ወጪውን ሊጠይቅ ይችላል። አድራሻ ሲቀይሩም በ30 ቀን ውስጥ በአይ-865 ማሳወቅ አለብዎት።

ይህ ሁሉ ጆይንት ስፖንሰሩንም እኩል ይመለከተዋል። «ፊርማ ብቻ ናት፣ ምንም የለውም» ተብሎ ያስፈረሙት ሰው፣ ነገ የራሱን እህት ለማምጣት ሲሞላ ባለቤትዎ ከእሱ ቤተሰብ ጋር ስትቆጠር ያገኛታል። ሐሳቡን መለወጥ የሚችለው ቪዛው ከመሰጠቱ በፊት ነው። ስለዚህ ጋሽ እገሌን ወይም እትዬ እገሊትን ለፊርማ ስትለምኑ፣ ቅጹን ይዛችሁ ሂዱ፤ የግዴታውን ክፍል በአማርኛ አስረዷቸው፤ አስበው መልስ የሚሰጡበት ሳምንትም ስጧቸው። እምቢ ካሉም አትቀየሟቸው።